ባለገንቦው ተክል መትከያው ሲጠበው

በገንቦው ነፍሳት እያጠመደ ስለሚበላው ተክል የደረሱን ጥያቄዎች ስለበዙ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉውን ለእሱ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፦ ተክሉ የታመመው ባለቤቱ ስለረሳው ሳይሆን ስለተንከባከበው ነው። የዳበረ አፈር፣ ማዳበሪያ፣ የቧንቧ ውሃ፣ ቁራጭ ሥጋ፤ ለሌላው አበባ ደግነት የሆነው ሁሉ ለዚህ ተክል መከራ ነው። ባለገንቦዎች የመጡት ማዕድኑ በዝናብ ታጥቦ ካለቀበት ረግረጋማና ተራራማ መሬት ነው። ሥሮቻቸው ውሃ ለመጠጣትና ተክሉን ለመያዝ እንጂ ከአፈር ብዙ ምግብ ለመሳብ አልተሠሩም። የሚበሉት በቅጠላቸው ነው። ይህንን የያዘ አንባቢ ከታች ካሉት መልሶች ግማሹን ሳያነብ ይገምታቸዋል።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ተክል ምን እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ የለውም። ስለ እንክብካቤው የማነበው ሁሉ ይጋጭብኛል። አንዱ «ውሃ ውስጥ ይቀመጥ» ይላል፣ ሌላው «ውሃ ውስጥ ከተቀመጠ ይበሰብሳል» ይላል። የቱን ልመን?
(ግራ የገባኝ)

መልስ፦ ሁለቱንም ይመኑ፤ የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ተክሎች ነው። ገንቦው ከቅጠሉ ጫፍ በወጣ ቀጭን ጅራት ላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ ያለዎት ኔፔንተስ ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎቹ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ናቸው፤ በማዳጋስካር፣ በሲሸልስና በስሪላንካም ይገኛሉ። ዓመቱን ሙሉ ያድጋል፣ እርጥበት ይወዳል፣ ውሃ ውስጥ ከተቀመጠ ግን ሥሩ ይታፈናል።

ገንቦው ቅጠል ሳይቀድመው እንደ ጥሩምባ ከመሬት ቀጥ ብሎ የሚወጣ ከሆነ የሰሜን አሜሪካው ሳራሴኒያ ነው። እሱ የረግረግ ተክል ነውና ሙሉ ፀሐይና ውሃ የያዘ ትሪ ይፈልጋል፤ በዓመት ከሦስት እስከ አራት ወር ደግሞ በብርድ መተኛት አለበት። ሦስተኛም አለ፤ ከአውራ ጣት የማይበልጡ ክዳናማ ገንቦዎች መሬት ላይ ክብ ሠርተው ከተቀመጡ ከደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ የመጣው ሴፋሎተስ ነው። ለጀማሪ አንመክረውም። ሥሩ ሲነካ ያኮርፋል፤ ደህና የመሰለ ተክል ያለ ማስጠንቀቂያ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ኔፔንተሴን ከገዛሁት ሁለት ዓመት ሆነው። ሥሩ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ወጥቷል፣ የተተከለበት ሞስም (በአፈር ፈንታ የሚሆነው ክር መሰል የረግረግ ተክል) ጠቁሯል። ኦርኪድ ስለማሳድግ ለመትከያ መቀየር እንግዳ አይደለሁም፤ ይህ ግን ስስ ስለሚመስል ፈራሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብትነግሩኝ?
(የኦርኪድ ወዳጅ)

መልስ፦ ከወጣው ሥር ይልቅ የጠቆረው ሞስ ያሳስበናል። የኔፔንተስ ሥር ከቁመናው አንጻር ትንሽ ነው፤ መትከያ ጠቦት የሞተ ኔፔንተስ እምብዛም አይታይም። የሚገድለው የሞሱ መበስበስ ነው። ትኩስ ስፋግነም ሞስ በክሮቹ መካከል አየር ይይዛል። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላው ክሮቹ ይሟሙና እንደ ጭቃ ይጣበቃሉ፣ አየር ያልቃል፣ ሥሩ ይታፈናል። ከላይ ያፈሰሱት ውሃ ቶሎ አልወርድ ካለ፣ ሞሱን በጣት ሲጫኑት መልሶ ካልተነሳ ወይም ሲያሸቱት የበሰበሰ ነገር ከሸተተዎ ጊዜው ደርሷል። ወቅት ባለበት አገር ቀኑ መርዘም ሲጀምር መቀየር ይሻላል፤ የበሰበሰ ሞስ ግን ወቅት አይጠበቅለትም።

ለድብልቁ ሁለት እጅ ረጅም ክር ያለው ስፋግነም ሞስ፣ አንድ እጅ ፐርላይት (ነጭና ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ) እና አንድ እጅ ለኦርኪድ የሚሸጠውን የዛፍ ቅርፊት ይያዙ። ቅርፊቱ ኦርኪድዎ ላይ የሚጠቀሙበት ዓይነት ከሆነ ማዳበሪያ ያልተቀላቀለበት መሆኑን ከረጢቱ ላይ ያረጋግጡ። መትከያው ፕላስቲክ ይሁን፣ ከታች ብዙ ቀዳዳ ይኑረው፣ ስፋቱም ከቀድሞው በ2 ወይም በ3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይብለጥ። በ10 የነበረውን ወደ 20 ማዛወር ደግነት ይመስላል፤ ሥር ያልደረሰበት ሞስ ግን ውሃ አቁሮ ይበሰብሳል። ያልተቀባ የሸክላ መትከያ ጨው መጥጦ ይይዛልና ይቅርብዎ።

ሞሱን በዝናብ ውሃ ወይም በዲስቲልድ (ተንኖ እንደገና በመቀዝቀዝ በተጣራ) ውሃ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይንከሩትና በእጅ ይጭመቁት። ውሃው መንጠባጠቡን ሲያቆም ልኩ ነው። ፐርላይቱን ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ በውሃ ያርጥቡት፤ ደረቁ ሲፈስ የሚነሳው ነጭ አቧራ ለሳንባ አይበጅም። ጓንትም ያድርጉ። ስፋግነም ሞስ ላይ አንዳንድ ጊዜ ስፖሮትሪክስ የሚባል ፈንገስ ይኖራል፤ በተቧጨረ ቆዳ ገብቶ ቶሎ የማይድን ቁስል ያመጣል። በየቀኑ የሚሆን ነገር ባይሆንም ጽጌረዳ ሲከረክሙ የቆዩበትን እጅ ይዘው ሞስ ውስጥ አይግቡ።

ተክሉን ከአንድ ቀን በፊት ያጠጡት፤ ውሃ የጠገበ ሥር እንደ ደረቅ ሥር ቶሎ አይሰበርም። በሥራው ቀን መጀመሪያ የገንቦዎቹን አፍ በትንሽ ጥጥ ይድፈኑ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ የፈሰሰውን የመፍጫ ፈሳሽ ግን መልቀም አይቻልም። ከዚያ መትከያውን ጎኑን በእጅ ጫን ጫን አድርገው ያላሉት፣ አጋድመው ግንዱን ከሥር ደግፈው ያውጡት። ከግንዱ አይጎትቱ።

ሥሩ ጥቁር ሆኖ ሲያዩት አይደንግጡ። የኔፔንተስ ጤነኛ ሥር ጥቁር፣ ቀጭንና ጠጉራም ነው። የሞተው ሲነኩት ይላጣል ወይም ባዶ ቱቦ ይሆናል፤ እሱን ብቻ በንጹሕ መቀስ ይቁረጡ። አሮጌውን ሞስ በራሱ የሚረግፈውን ያራግፉ፣ በሥሩ የተያዘውን ይተዉት። ሥሩን እንደ ኦርኪድ ሥር አንድ በአንድ አጥቦ ማጽዳት እርስዎ የለመዱት ነውና በተለይ ለእርስዎ እንናገራለን፦ እዚህ አይሠራም። በጣም ከበሰበሰ ብቻ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነክረው በቀስታ ያለቅልቁት።

በመትከያው ግርጌ ሦስት ጣት ያህል ድብልቅ ያድርጉ፣ ተክሉን በፊት በነበረበት ጥልቀት ያስቀምጡ፣ ዙሪያውን ይሙሉ። አይጠቅጥቁ፤ መትከያውን ሁለት ሦስት ጊዜ በጠረጴዛው ላይ ኳ ማድረግ ይበቃዋል። የሚወላወል ከሆነ በዘንግ ያስሩት። ከታች የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ካጠጡት በኋላ ጥጡን ከገንቦዎቹ ያውጡ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ብርሃን ባለበት ግን ቀጥተኛ ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ ያቆዩት። የቤቱ አየር ደረቅ ከሆነ ግልጽ ፕላስቲክ ከላይ ሳይጠብቅ ያልብሱት። ማዳበሪያ የሚባል ነገር አያስጠጉበት።

ጥያቄ፦ መትከያውን ከቀየርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ገንቦዎቹ አንድ በአንድ ከክዳናቸው ጀምሮ ቡናማ እየሆኑ ነው። ገደልኩት?
(የተጨነቀች)

መልስ፦ አዲሱ ቅጠል እየወጣ ከሆነ አልገደሉትም። ሥሩ ሲነካ ተክሉ የውሃ ወጪውን ይቀንሳል፤ መጀመሪያ የሚሠዋውም ገንቦውን ነው። የሚመለከቱት ገንቦውን ሳይሆን የግንዱን ጫፍ ይሁን። እዚያ ያለው ጥቅልል አረንጓዴና ጠንካራ ከሆነ ይጠብቁ፤ ከጠቆረና ከለሰለሰ ያኔ ችግር አለ።

የደረቀ ገንቦ አያገግምም፣ በዚያው ቅጠል ላይም ሌላ አይተካም። አንድ ቅጠል በዕድሜው አንድ ገንቦ ብቻ ያወጣል። ስለዚህ የደረቀውን ገንቦ ከጅራቱ ይቁረጡ፣ አረንጓዴውን ቅጠል ግን አይንኩት፤ ለተክሉ ከብርሃን ምግብ የሚያዘጋጅለት እሱ ነው። አዲስ ቅጠል እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ገንቦው ተነፍቶ ክዳኑን እስኪከፍት ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ሳምንታት አሉ። ፈሳሹ በመንገድ ላይ ወይም በዝውውር የፈሰሰበት ገንቦ ገና አረንጓዴ ከሆነ ሩቡን ያህል ዲስቲልድ ውሃ ይጨምሩበት። ራሱ ያልተከፈተውን ገንቦ ግን በጣት ለመክፈት አይሞክሩ።

ጥያቄ፦ የቧንቧ ውሃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ ነው የማጠጣው። ስድስት ወር ደህና ነበር፤ አሁን የቅጠሉ ጫፍ እየተቃጠለ ነው። የማጠጣውስ ልኩ ምን ያህል ነው?
(አፍልቶ አጠጪ)

መልስ፦ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በቧንቧ ውሃ ውስጥ የሟሟው ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሶዲየም በአንድ ቀን አይገድልም፤ ውሃው ሲተን ጨው ሞሱ ውስጥ ይቀራል፣ ነገ ሌላ ይጨመርበታል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ይህንን ጨው አያወጣም። ከፊሉ በድስቱ ግርጌ ነጭ ሆኖ ቢቀርም ውሃው ስለተነነ የተረፈው ይበልጥ ይከማቻል። በማሰሮ ዓይነት የሚሸጠው የከሰል ማጣሪያም ክሎሪንና ሽታ ይቀንሳል እንጂ ለዚህ አይበቃም። ከሁሉ የከፋው «ውሃ ማለስለሻ» የሚባለው መሣሪያ ነው፤ ካልሲየሙን ወስዶ በሶዲየም ይተካዋል። የታሸገ የማዕድን ውሃማ ስሙ ራሱ ይናገራል።

የሚሆኑት ሦስት ናቸው፦ የዝናብ ውሃ፣ ዲስቲልድ ውሃና በሪቨርስ ኦስሞሲስ (በግፊት በስስ ሽፋን በማሳለፍ) የተጣራ ውሃ። የዝናቡን ውሃ ጣራው ከታጠበ በኋላ፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አሳልፈው፣ በፕላስቲክ ዕቃ ያጠራቅሙ። ጥርጣሬ ካለ ቲ ዲ ኤስ ሜትር የምትባል፣ በውሃ ውስጥ የሟሟውን ጨው የምትለካ፣ እስክሪብቶ የምታክል መለኪያ ትፈርድልዎታለች፦ በአንድ ሊትር ከ50 ሚሊ ግራም በታች ካነበበች ያለ ሐሳብ ያጠጡ፤ እስከ 100 ድረስ ለጊዜው ያስኬዳል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ለሌላው አበባ ይስጡት። የእርስዎን ተክል ለማዳን የመትከያውን ሦስት እጥፍ የሚሆን ዲስቲልድ ውሃ ከላይ ቀስ እያሉ ያፍስሱ፣ ከታች የሚወጣውን ይድፉ፣ በሳምንቱ ይድገሙ። ሞሱ ላይ ነጭ ቅርፊት ካለ ግን በማጠብ አይለፉ፣ ይቀይሩት።

ልኩን ጨምረው ጠይቀዋል። ለኔፔንተስ የሞሱ ገጽ ቀለሙ ሲፈዝና መድረቅ ሲጀምር ከላይ አጠጥቶ ማንጠፍጠፍ ነው። ለሳራሴኒያ በእድገት ወቅት መትከያውን ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ በያዘ ትሪ ላይ ማቆም ነው።

ጥያቄ፦ ለአትክልት የሚሸጥ የዳበረ አፈርና ብስባሽ ቀላቅዬ ከተከልኩት አንድ ሳምንት ሆኖታል። ያማረበት ይመስላል። ልተወው?
(ጀማሪ)

መልስ፦ ዛሬውኑ ያውጡት። ሳይደርቅ በእርጥቡ። ያማረበት ጉዳቱ ገና ስላልደረሰበት ነው። ይህ ተክል ሥሩን በዲስቲልድ ውሃ በማጠብ የሚድንበት አንድ ጊዜ ቢኖር ይህ ነው፤ አፈሩ እስኪለቅ በቀስታ ያጥቡትና በሞስና በፐርላይት ይትከሉት። የባሕር አሸዋ፣ የኖራ ድንጋይ ጠጠር፣ አመድ፣ ፍግ እና ጨዉ ያልታጠበ የኮኮናት ጭረትም በዚያው መዝገብ ላይ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሳራሴኒያዬ መትከያውን ሞልቶ ጠርዙን እየገፋ ነው። መከፋፈል ይቻላል? ደግሞ «ማስተኛት» የምትሉት ነገር ብርድ በሌለበት አገር እንዴት ይሆናል?
(የጥሩምባው ባለቤት)

መልስ፦ ይቻላል፤ ለዚያውም ከኔፔንተስ የቀለለ ነው። ጊዜው ከእንቅልፉ ሊነሳ ሲል፣ አዲሱ ገንቦ ብቅ ከማለቱ በፊት ነው። በየሦስትና አራት ዓመቱ አንዴ ይበቃዋል።

ድብልቁ እኩል ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚቆፈር የበሰበሰ ሞስ) እና ፐርላይት ነው። ደረቅ ፒት ውሃ ይገፋል፤ ከላይ ያፈሰሱት ውሃ በጎን ወርዶ ያልፋል እንጂ አይገባውም። ስለዚህ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ እየጨመሩ እንደ ሊጥ ያሹት፣ ሲያድር ይጠጣል። መትከያው ከስፋቱ ይልቅ ጥልቀቱ ይታይ፤ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር።

ተክሉን አውጥተው ሲያጥቡት ዝንጅብል የመሰለ ወፍራም ግንድ ከአፈር በታች ተጋድሞ ያገኛሉ። ራይዞም ይባላል። በእጅ ለመለያየት ይሞክሩ፤ እምቢ ካለ በአልኮል በተወለወለ ቢላ ይቁረጡት። እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አንድ ቡቃያና ጥቂት ነጣ ያለ ሥር ይያዝ። ቡኒና ለስላሳ የሆነውን ክፍል ነጭ ሥጋው እስኪታይ ቆርጠው ይጣሉ። ሲተክሉት ሥሩ ወደ ታች ይውረድ፣ ቡቃያው ግን ከአፈሩ ገጽ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል። ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ተቀብሮ የቀረ ቡቃያ ይበሰብሳል። በተከፈለበት ዓመት የአበባ እምቡጥ ካወጣ ገና በአጭሩ ይቁረጡበት፤ ቁስለኛ ተክል ዘር ሊያሳድግ አይገባም።

እንቅልፉን በተመለከተ፦ ሳራሴኒያ ቀኑ አጥሮ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ይተኛል። ገንቦዎቹ ከላይ ወደ ታች ይደርቃሉ፤ አንዳንዱ ዝርያም ገንቦ የሌለው ሰይፍ መሰል ቅጠል ያወጣል። የሞተ መስሏቸው የሚጥሉት ብዙዎች ናቸው። ያን ጊዜ ትሪው አይሞላም፤ አፈሩ እርጥብ ብቻ ይሁን። እንቅልፍ የተከለከለ ሳራሴኒያ አንድ ሁለት ዓመት ይታገላል፣ ገንቦው በየዓመቱ ያንሳል፣ በመጨረሻ ይሞታል።

ብርድ በሌለበት ማቀዝቀዣው ያገለግላል። ገንቦዎቹን በአጭሩ ይከርክሙ፣ ራይዞሙን አጥበው በእርጥብና በተጨመቀ ስፋግነም ይጠቅልሉ፣ በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ባለው ክፍል ለሦስት ወር ያቆዩት። በየሁለት ሳምንቱ ከፍተው ሻጋታ መኖሩን ይዩ። በረዶ የሚሠራው ክፍል ውስጥ አይሆንም። ከረጢቱ ላይ ምን እንደሆነ ይጻፉበት፤ ካልሆነ ለወጥ የተቀመጠ ዝንጅብል መስሎት የሚያነሳው አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ለኔፔንተሱ ጥብስ፣ አይብና የተረፈ እንቁላል ያበሉታል። እየበላም ነው መሰል፣ ይቀንሳል። ጉዳት አለው?
(እናት)

መልስ፦ የልጆቹ ሙከራ ታላቅ ቀዳሚ አለው። ጆሴፍ ሁከር የተባለው እንግሊዛዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1874 የተቀቀለ እንቁላል ነጭና ጥሬ ሥጋ ጥቃቅን አድርጎ ኔፔንተስ ገንቦ ውስጥ ከቶ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የእንቁላሉ ጠርዝ መሟሟቱን ለሳይንቲስቶች ጉባኤ አስረድቷል። ስለዚህ ተክሉ ይፈጨዋል ወይ ከተባለ፣ አዎ። የሁከር ግን ቅንጣት ነበር። ስቡና ጨዉ ያለበት ጥብስ ሲሆን ባክቴሪያው ተክሉን ይቀድመዋል፤ ፈሳሹ ይሸታል፣ ገንቦው ከውስጥ ይበሰብሳል።

ሲሳዩ ነፍሳት ነው። የሞተም ይሁን፣ ግድ የለም፤ ባለገንቦ ቅጠሉን ገጥሞ እንደሚይዘው ቬነስ ፍላይትራፕ የተባለ ተክል ታዳኙ እንዲንቀሳቀስለት አይጠብቅም። ነፍሳት ከሌሉ ለዓሣ የሚሸጠውን የደረቀ የደም ትል በውሃ አርጥበው ይስጡት፤ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ የዓሣ ምግብም ይሆናል። ልኩ የገንቦውን ሩብ አይለፍ። በወር አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ገንቦ ብቻ። ሁሉም ገንቦ መብላት የለበትም፤ የአንዱ ለሁሉም ይደርሳል። ውጭ የሚያድር ሳራሴኒያ ደግሞ ራሱን ይቀልባልና ለእሱ አያስቡ።

ገንቦው ልጅን አይነክስም፣ ፈሳሹም ጣት አያቃጥልም። የሚጎዳው ተክሉ ነው፤ ክዳኑ ተደጋግሞ ሲነካ ይጠወልጋል።

ጥያቄ፦ ቅጠሉ ሰፊ፣ አረንጓዴ፣ የሚያምር ነው፤ ገንቦ ግን ዓመት ሆነው ካወጣ። የቅጠሉ ጅራት ጫፍ ጠቁሮ ይቀራል።
(ገንቦ ናፋቂ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ብርሃኑን ይጠርጥሩ። ሰፊና ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ያለ ገንቦ የጥላ ምልክት ነው። ገንቦ መሥራት ለተክሉ ውድ ነው፤ ብርሃን ካላገኘ ወጪውን አይደፍረውም። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ወይም ስስ መጋረጃ ያለው ብሩህ መስኮት ይስማማዋል። በኤል ኢ ዲ መብራት ከሆነ ከተክሉ 20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ያብሩለት። ቅጠሉ ትንሽ ቀላ ሲል ብርሃኑ በቅቶታል፤ እየነጣ ቡኒ ጠባሳ ካወጣ በዝቶበታል። ከጥላ ወደ ብርሃን ያወጡት በአንድ ቀን ሳይሆን በሁለት ሳምንት ይሁን።

ቀጥሎ እርጥበቱ። የገንቦው ጽንስ ጅራቱ ጫፍ ላይ ሆኖ ከደረቀ አየሩ ደርቋል ማለት ነው። ከ50 በመቶ በታች ሲወርድ ብዙዎቹ ያቆማሉ። በየሰዓቱ በመርጫ መርጨት ግን ከንቱ ድካም ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይተናል። ተክሎችን አጠጋግቶ ማስቀመጥ፣ ከማሞቂያና ከአየር ማቀዝቀዣ ንፋስ ማራቅ፣ ካልሆነም የመስታወት ሣጥን ይሻላል።

ሦስተኛው ሥሩ ላይ የተደረገ ማዳበሪያ ነው። ከሥሩ የጠገበ ተክል ለምን ያድናል?

ጥያቄ፦ ቦርኒዮ ያለውን ትልቁን ኔፔንተስ ራጃን ሳሎኔ ውስጥ ማሳደግ እፈልጋለሁ። ምን ይጠይቀኛል?
(ትልቅ አሳቢ)

መልስ፦ ቀዝቃዛ ሌሊት ይጠይቅዎታል፤ ሳሎኖች በአብዛኛው የላቸውም። ራጃ የኪናባሉ ተራራና የጎረቤቱ የታምቡዩኮን ተራራ ተወላጅ ነው። እንደ ሌሎቹ የደጋ ኔፔንተሶች ቀን ከ20 እስከ 26፣ ሌሊት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይሻል። ቀንም ሌሊትም 25 በሆነ ቤት ቀስ በቀስ ይመነምናል። የቆላዎቹ ተቃራኒ ናቸው፦ ሌሊቱ ከ20 ከወረደ ይቆማሉ። በመካከል ያለውና ከብዙ ቤት ጋር የሚስማማው ቬንትራታ የተባለው ድቅል ነው፤ ለጀማሪ እሱን እንመርጣለን።

ራጃ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይቴስ ስምምነት የመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ስላለ ከዱር የተነቀለውን መነገድ ክልክል ነው። የሚሸጥልዎ ሰው ከዘር ወይም በቤተ ሙከራ የተባዛ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው ይለፉት። ለማንኛውም ከጣት የማይበልጥ ችግኝ ነው የሚደርስዎ፤ ሊትሮች የሚይዘውን ገንቦ ለማየት ብዙ ዓመት መጠበቅ አለ።

ጥያቄ፦ ኔፔንተሴ እንደ ሐረግ ረዝሞ ጣራ ሊነካ ነው። ከላይ ያሉት ገንቦዎች ቅርጻቸው ተለውጧል። ብቆርጠው ይጎዳል?
(ጣራ የደረሰብኝ)

መልስ፦ አይጎዳም። ቅርጹ የተለወጠው በሽታ ሆኖ አይደለም፤ ሐረጉ ሲወጣ የላይ ገንቦዎች ቀጠን ይላሉ፣ ከፊታቸው ያሉት ሁለት ክንፎች ይጠፋሉ፣ ጅራታቸውም ድጋፍ ላይ ይጠመጠማል።

በንጹሕ ቢላ ከአንጓ በላይ ይቁረጡ። ከታች የቀረው ግንድ ካንቀላፋው አንጓ አዲስ ቡቃያ ያወጣል። የተቆረጠውን ሁለት ሦስት ቅጠል ባለው መጠን ይከፋፍሉ፣ እያንዳንዱን ቅጠል በግማሽ ያሳጥሩ፣ የታችኛውን አንጓ እርጥብ ስፋግነም ውስጥ ይቅበሩ፣ ግልጽ ፕላስቲክ አልብሰው ቀጥተኛ ፀሐይ በማይመታው ብርሃን ያኑሩት። ሥር ለማውጣት ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈልጋል። ሥር አወጣ አላወጣ ብሎ እየነቀሉ ማየት የጀመረውን ሥር መስበር ነው፤ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ራሱ ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ በቅጠሉ ብብት ላይ ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር አለ። ነፍሳት የሚበላ ተክል በነፍሳት ይበላል?
(የገረመው)

መልስ፦ ይበላል። ገንቦው የሚይዘው ወደ አፉ የመጣውን ብቻ ነው፤ ቅጠል ላይ ተጣብቆ ጭማቂ የሚመጠውን አይደርስበትም። ያዩት ጥጥ ለባሹ መጣጭ ነፍሳት ነው። በ70 በመቶ አልኮል በነከሩት የጆሮ ጥጥ አንድ በአንድ ይንኩት፣ በየአምስት ቀኑ ለሦስት ዙር ይድገሙ፤ እንቁላሉ በመጀመሪያው ዙር አያልቅም። በዘይት የተሠራ ወይም ሳሙና ያለበት መርጫ ቅጠሉን ሊያቃጥል ስለሚችል አንድ ቅጠል ላይ ሞክረው ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ ገንቦው ውስጥም አይግባ።

የሳራሴኒያ አዲስ ገንቦ ጠማማና የተጨማደደ ሆኖ ከወጣ ክሽክሽ ገብቶበታል። ይህኛው ያለ መድኃኒት ይሸነፋል፦ መትከያውን ከነተክሉ በባልዲ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስጥመው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይተዉት። ተክሉ የረግረግ ልጅ ነውና ይችለዋል፣ ክሽክሹ አይችለውም። ፒቱ እንዳይንሳፈፍ ገጹን በጨርቅ ሸፍነው ያስሩት። ኔፔንተስን ግን እንዲህ አያስጥሙ።